ጎረቤት ያለው በሽተኛ

በእኛ አገር በቆሰበር ዙሪያ፥ መኪና በማይደርስበት መንደር፥ በሽተኛ ከጥንት ጀምሮ በቃሬዛ የሚጓዘው በጎረቤቶቹ ትከሻ ነው። ስለዚህ «ጎረቤቶቼ ይደርሱልኛል» ብሎ የሚያምን ሰው ሕመሙን ገና ሲጀምረው ይናገራል፤ ጎረቤቶቹን የሚጠራጠር ግን እስኪጸናበት ድረስ ደብቆ ይተኛል። ይህ ዝምታ ራሱ ሁለተኛ በሽታ ነው እላለሁ።

ነገሩ በሩቅ አገርም ተመርምሯል። በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ በአላሜዳ አውራጃ፥ እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰዎች ስለ ኑሯቸው ተጠየቁ። ዘጠኝ ዓመት ከተከታተሏቸው በኋላ፥ ዘመድ፥ ወዳጅና ማኅበር ከሌላቸው ሰዎች መካከል የሞቱት በዝተው ተገኙ፤ ሀብታቸውና የቀድሞ ጤናቸው ቢመዛዘን እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ጎረቤታችሁ ሳይታመም አስቀድማችሁ ደጁን እርገጡ፤ በታመመ ጊዜ እናንተን ለመጥራት እንዳያፍር።