ደጃፉና ጓዳው፤ ስለ ትንሽ የደጋ ከተማ ናፍቆት

በመኝታ ክፍላችን ማታ ማታ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ትምህርታችንን ስንጨርስ የት እንኑር? የሚል ነው። አዲስ አበባ ያደጉት ጓደኞቻችን ይህ ጥያቄ መልስም አያሻው ይላሉ። ቴአትር ቤቱ እዚህ፣ ማተሚያ ቤቱ እዚህ፣ ሠዓሊውም ደራሲውም እዚህ፤ ታዲያ ወዴት ይኬዳል? እኛ ከሽንዲ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም የመጣነው ግን ዝም ማለት አይሆንልንም። «እንዴ! አዲስ አበባ ያደነቀቻቸው ደራስያን እኮ ፊደል የቆጠሩት በእኛ አገር ደጋ ነው» እንላለን። ይሥቁብናል። «ሽንዲ ምን አለና!» ይሉናል።

ይህን ጽሑፍ የጀመርነው ለዚያ ሣቅ መልስ ለመስጠት ነበር። ነገሩን በታሪክ ዓይን ስንመረምረው ግን ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛም መጣ። ስለዚህ የሚያኮራውንም የማያኮራውንም እንዳገኘነው እናቀርባለን።

ወደ አገራችን የሚወስደው መንገድ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ይወጣል። ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ እያለ ይቀጥላል፤ ከቡሬ ታጥፎ ሽንዲ ይገባል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ጮቄ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ብርዱ ይቆነጥጣል፤ ጤፉና ገብሱ ያምራል። በዚህ ደጋ ላይ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ፣ ደብረ ወርቅ የሚባሉ ትንንሽ ከተሞች አሉ። ትንሽ ስንል በእውነት ትንሽ ማለታችን ነው፤ አንድ ደብር፣ ዙሪያውን ጎጆ፣ አንድ ገበያ። ነገር ግን ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ያ ታላቅ ባለቅኔና የቴአትር ደራሲ፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው የተማሩት። አንዲት የገበያ መንደር ይህን ያህል ሰው ከየት አመጣች?

መልሱ ቅኔ ቤቱ ነው። ሊቃውንቱ ሦስት ታላላቅ የቅኔ ቤቶች ይቆጥራሉ፤ ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ። ከሦስቱ ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ የጎጃም ናቸው። ቅኔ ማለት ደግሞ የሌላ ሰው ግጥም ሸምድዶ ማነብነብ አይደለም። ተማሪው ቀን ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል። ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ማታ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፤ ቀጥሎም ራሱ አዲስ ቅኔ ይዘርፋል። የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። እንግዲህ አስቡት! በየዕለቱ አዲስ ግጥም የሚፈጠርባት፣ ያም ግጥም ሰሙ ከወርቁ ተለይቶ በአደባባይ የሚመረመርባት መንደር ማለት ናት። እኛ በዓመት አንድ ጊዜ የግጥም ምሽት አዘጋጅተን ስንት ቀን እናወራለታለን!

ይህን ሁሉ ማን ቀለበው? በሌላው ዓለምም ትንሽ ሆና በጥበብ የታወቀች ከተማ አለች። የጀርመኗ ዋይማር አንዷ ናት። ገጣሚው ጎተ እ.ኤ.አ. በ1775 ሄዶ በ1832 እስኪሞት ድረስ መኖሪያው አደረጋት። እዚያ ደመወዝ የሚቆርጠው መስፍኑ ነበር። በጎጃምም መሳፍንቱ ለአድባራት መሬት ሰጥተዋል፤ መሬቱን የሚያርሰው ግን ገበሬው ነው። ተማሪውን በቀጥታ ያበላው ደግሞ የገበሬው ደጃፍ ነው። ተማሪ ዘመድ እንዳይጠራው ከአገሩ ርቆ ይሄዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ በየደጁ በእመቤታችን ስም ይለምናል። ባለቤቲቱ ቁራሽ ታወጣለታለች። የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ የት ነው ብላ አትመረምርም። እንግዲህ የጎጃም ቅኔ በቁራሽ የቆመ ጥበብ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ትንሿን ከተማ የሚያስናፍቃትም ይኸው ይመስለናል፤ እንግዳ ልጅ ስሙን ሳይናገር በልቶ የሚያድርባት መሆኗ ነው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎን ጻፍን። ወዲያው ግን ሁለት ነገር ከፊታችን ቆመ።

የመጀመሪያው ራሱ የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው በእኛው መንገድ ላይ፣ በማንኩሳ ነው። በዛብህ ከማንኩሳ ተነሥቶ በቤተ ክህነት ትምህርት አድጎ ዲማ ይደርሳል። የዲማ ደጃፍ ይቀበለዋል። ከባላባቱ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶም ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ያስተምራል። ሰብለን ሲወድ ግን ዘሩ ይቆጠርበታል። ያቺው ስለ ቅኔ ወርቅና ሰም ቀኑን ሙሉ የምትከራከር ከተማ፣ ሰው ከሰው በዘር እንደማይበልጥ የሚናገረውን ጉዱ ካሣን እብድ ትለዋለች። መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው። ሆኖም ደራሲው በዚያው አገር ተምረው ያደጉ ሰው ናቸውና ችላ ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋስ? እነሱም ጥበበኞች ነበሩ። ግን ቡዳ ይባሉ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዝማሪውም በየድግሱ ይጠራል እንጂ ልጅ አይዳርለትም። እንግዲህ ደጃፉ ሰፊ ነበር፤ ጓዳው ግን ጠባብ ነበር።

ሁለተኛው የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ታሪክ ነው። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ፤ መንቆረር ትባል የነበረችው መዲናቸውም በቤተ ክርስቲያኑ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ቤተ መንግሥቱ ሊቃውንትንና ሠዓሊዎችን ሰበሰበ። ሀብቱ ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ አንዱ ምንጭ ከዓባይ ማዶ ሆኖ እናገኘዋለን። በየጁቤ አጠገብ ባለው በባሶ ገበያ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ይሸጥ ነበር፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ንጉሡ ያንን ማዶ ለመያዝ ሲሉ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ ተማረኩም። ተክለ ኢየሱስ የሆሮ ጉዱሩ ኦሮሞ ናቸው። በልጅነታቸው የጎጃም ጦር ማርኮ አሻገራቸው። ክርስትና ተነሥተው፣ የቤተ ክህነት ትምህርትና ሥዕል ተምረው የአብያተ ክርስቲያናትን ግድግዳ በሥዕል አስጌጡ። ከዚያም ብራቸውን አንሥተው የጎጃምን ታሪክና ትውልድ ከዓባይ እስከ ዓባይ ጻፉ። ሥራቸው ለረጅም ጊዜ በእጅ ጽሑፍ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ጎጃሜ ዘሩን ልቁጠር ሲል የሚገልጠውን መጽሐፍ የጻፈለት፣ ከእናቱ ቤት ተነጥቆ የመጣ የማዶ ልጅ ነው!

ለእኛ ለሽንዲ ልጆች ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ከወንበርማ በስተደቡብ ቆላው ወርዶ ዓባይ ነው፤ ማዶው ወለጋ ነው። ልጆች ሆነን ያንን ማዶ እያየን ከብት ጠብቀናል። በዚያ ወንዝ ላይ ማን ተገድዶ እንደተሻገረ የነገረን ግን አልነበረም።

ታዲያ ትንሿን የደጋ ከተማ እንናፍቃት ወይስ እንተዋት? ከመካከላችን አንዱ «ቁራሹንም ቡዳ ማለቱንም ያመጣው ያው ሥርዓት ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም» ብሎ ተከራከረን። የቀረነው አልተስማማንም። አለቃ ተክለ ኢየሱስን የማረካቸው ጦሩ ነው፤ ቀለም ያቀበላቸው መምህር ነው። በዛብህን ያበላችው ባለጎጆዋ ናት፤ የከለከለው ባላባቱ ነው። ሁለቱ በአንድ ከተማ ቢኖሩም አንድ ሰው አልነበሩም።

«ሽንዲ ምን አለና!» ላሉን ጓደኞቻችን መልሳችን እንዲህ ነው። ደብረ ኤልያስ ከዮፍታሔ በፊት ምን ነበራት? አንድ ደብር፣ አንድ መምህርና የሚያበላ ገበሬ። ሽንዲም ገበሬው አላት። የሚጎድላት መምህሩ ነው፤ እሱም እኛ ነን። ተመርቀን ስንመደብ ግን ዓመት ሳይሞላን የዝውውር ማመልከቻ እንጽፋለን፤ ሲኒማ የለም፣ መብራት ይጠፋል እንላለን። እውነት ነው፤ መብራቱ ይጠፋል። የጎጃም ቅኔ ግን ያለ መብራት ነው የተቆጠረው።

ከሄድን ደግሞ ደጃፉን ብቻ አይደለም የምንከፍተው። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፣ የአዝማሪው ልጅ፣ ከማዶ የመጣው ልጅ ከእኛ ጋር በአንድ ማዕድ ካልተቀመጠ፣ የምንናፍቃት ከተማ ያቺው የፊታውራሪ መሸሻ ዲማ ሆና ትቀራለች። ክርክሩ በክፍላችን አላለቀም። አንባብያን በሚቀጥለው ቅጽ የበኩላችሁን ጻፉልን።