ውሃ የገባበት ዕቃ ቤት፦ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የብራና መጻሕፍትን ከጎርፍ ስለማዳን

ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ጭልጋን አልፎ ቆላ ከገባ በኋላ ደጋግሞ ወንዝ ይሻገራል። ጓንግ ከጭልጋ አካባቢ ተነስቶ ድንበር ሲያልፍ አትባራ ይባላል፤ የሽንፋ ውሃ ወደ ራሃድ ይወርዳል፤ የዞኑ ዋና ከተማ ገንዳ ውሃም ስሟን የምትጋራው ወንዝ አላት። በበጋ ከአሸዋና ከኩሬ ሌላ ብዙም የማይታይባቸው እነዚህ ወንዞች ከሰኔ እስከ መስከረም ደጋ ላይ የዘነበውን ሁሉ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ቆላው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ ደራሽ ውሃ ሊደርስ ይችላል። ጎርፍ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ከብትና ድልድይ ናቸው። መነሳታቸውም ተገቢ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ብራና የሚታወሰው ግን ሁሉም ነገር ከተረጋጋ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል።

የሚረፍደው በሻጋታ ምክንያት ነው። የራሰ መጽሐፍ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቤት ተዘግቶ ከተቀመጠ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል፤ እንደ መተማ ባለ ሞቃት ቆላ ሰዓቱ ይበልጥ ያጥራል። ስለዚህ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይምጣ ተብሎ ደብዳቤ እስኪጻፍ ድረስ የመጽሐፉ ዕጣ ይወሰናል። የሚወስነውም በቅርብ ያለው ሰው ነው፤ ቄሰ ገበዙ፣ ዕቃ ቤት ጠባቂው ወይም የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ።

ዓለም በዚህ ጉዳይ የሚያውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማረው ከአንድ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ፍሎረንስን ሲያጥለቀልቅ የኢጣሊያ ብሔራዊ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት በውሃ፣ በጭቃና በማሞቂያ ናፍጣ ተሞላ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት፣ ጋዜጦችና ሰነዶች ተጎዱ። ከተጎዱት መካከል የማልያቤኪ ስብስብ ትልልቅ ጥራዞች ይገኙባቸዋል፤ ክብደታቸው ታች አስቀምጧቸው ነበርና። ከየአገሩ የጎረፉ ወጣቶች በሰንሰለት ቆመው መጽሐፍ ተቀባበሉ፤ በመጋዝ ዱቄት እርጥበት መጠጡ፤ ጥራዞቹ በቱስካኒና በኡምብሪያ የትምባሆ ማድረቂያዎች ውስጥ ደረቁ። ሙቀቱ ብዙ ወረቀት ቢያድንም ቆዳና ብራናውን በየቦታው አኮማትሯል። እንግሊዛዊው ጠራዥ ፒተር ዋተርስ ከዚያ የቀሰመውን ልምድ ይዞ ወደ አሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው የአደጋ ጊዜ መመሪያም ዛሬ ድረስ የሚጠቀሰውን መርህ አስፋፋ፤ በአንድ ጊዜ ማድረቅ የማትችለውን ወዲያው አቀዝቅዘህ በረዶ አድርገው፣ ሻጋታው ይቆማል፣ ለማሰብ ጊዜ ታገኛለህ። ፕራግ እ.ኤ.አ. በ2002 በቭልታቫ ጎርፍ ስትመታ ቼኮች ውሃ የነካቸውን መጻሕፍት ወደ ምግብ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ያጓጓዙት በዚሁ መርህ ነው።

መርሁ ለገንዳ ውሃ ብዙ አይረዳም። በረዶ ማድረግ ለሳምንታት የማይቋረጥ መብራት፣ ማቀዝቀዣ ያለው መኪናና የማይዘጋ መንገድ ይፈልጋል። ጎርፍ በመጣበት ሳምንት ከሦስቱ አንዱን ማግኘት ብርቅ ነው። የውጭውን መመሪያ እንዳለ ተርጉሞ ማደል ለሪፖርት ያምር ይሆናል እንጂ ብራና አያደርቅም።

ደግነቱ አብዛኛው የኢትዮጵያ ጥንታዊ መጽሐፍ ለጎርፍ ከፍሎረንስ መጻሕፍት የተሻለ አቅም አለው። ክሪስቶፈር ክላርክሰን የተባለው የመጽሐፍ ጥገና ሊቅ ፍሎረንስ ላይ ጎርፉን በደህና ያለፉት የትኞቹ ጥራዞች እንደሆኑ ሲመረምር በለስላሳ ብራና ብቻ የተለበጡት፣ ሙጫ እምብዛም የሌለባቸው መሆናቸውን አስተዋለ። የእኛ ጥራዝ ደግሞ ጀርባው ላይ ሙጫ አይቀባም። የታጠፉት ቅጠሎች በሰንሰለት ስፌት እርስ በርስ ተያይዘው በሁለት የእንጨት ገበታዎች መካከል ይቀመጣሉ፤ ውሃ ቢገባ የሚሟሟ ጀርባ የለም፣ ስፌቱም ሲላላ ቅጠሉን አይቀድም። ጥቁሩ ቀለምም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል የሚዘጋጅ በመሆኑ የብረት ማዕድን እንዳለበት የአውሮፓ ቀለም ቆዳውን አይበላም፤ ጥላሸት በውሃ አይደበዝዝም። አደጋው ያለው እርጥብ ሳለ በጣት ከተነካ ነው፤ ያኔ ከላዩ ይታበሳል። ቀዩ ቀለም፣ ሐረጉና ሥዕሉ ግን የበለጠ ያሰጋሉ።

ዋናው ችግር ቆዳው ራሱ ነው። ብራና ፋቂ እንደሚያውቀው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ብራና የሚሆነው ተነክሮ፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ፣ እንደተወጠረ ሲደርቅ ነው። እንደገና ሲርስ ውጥረቱ ይለቃል፤ ልቅ ሆኖ ከደረቀ ይጨማደዳል፣ ይንከረፈፋል፣ ጠርዙ ቀንድ ይመስላል። አዲስ ብራና ውሃ ውስጥ ሆኖ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ይኮማተራል፤ ያረጀውና ሻጋታ የጎዳው ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ በቅን ልብ የሚደረገው ነገር፣ ማለትም የራሰውን መጽሐፍ በቆላ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ማስጣት፣ ጎርፉ ካደረሰው የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

የሚሻለው ቀላልና አሰልቺ ሥራ ነው። መጽሐፉ ሳይከፈት፣ በሁለት እጅ ከሥር ተደግፎ ይወጣል፤ ውሃ የጠጣ ብራና ከባድ ነው፣ በገበታው ከተነሳ ስፌቱ ይበጠሳል። ጭቃው በጨርቅ አይፈተግም፤ ሲደርቅ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። ከዚያ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቤት ተመርጦ በየጥቂት ቅጠሉ መካከል ንጹሕ አቡጀዲ ወይም ያልታተመበት ነጭ ወረቀት ይገባል፤ ጨርቁ ሲርስ ይቀየራል፣ ቀንም ሌሊትም። ቀለም ያለባቸው ሥዕሎች ላይ ግን ምንም አይጫንም። ቅጠሉ እርጥበቱ ቀንሶ ገና ልስልስ እያለ በሁለት ሰሌዳ መካከል በቀላል ክብደት ይያዛል፤ የተፈቱ ነጠላ ቅጠሎች ካሉ ጠርዛቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ዙሪያውን በቀስታ ይወጠራሉ። ይህን ለመሥራት ከጎንደር እስከ መተማ ካሉ ብራና ፋቂዎች የተሻለ እጅ ያለው ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የውጭ ባለሙያዎችም ቢሆኑ የተጨማደደ ብራና በጥቂት እርጥበት አለስልሰው እንደገና ነው የሚወጥሩት።

ወረቀት ሌላ ጣጣ አለው። የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ፋይልና የደብር ቃለ ጉባኤ በእስክሪብቶ ከተጻፈ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ በውሃ ቀለም የተጻፈውና ሐምራዊው ማኅተም ግን ይፈስሳሉ። አብረቅራቂ ወረቀት ያላቸው መጻሕፍት ገጻቸው ተጣብቆ እንደ ጡብ ስለሚደርቅ ከሁሉ ቀድመው መገለጥ ይኖርባቸዋል።

በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥገናዎችም መጽሐፉን ከቦታው ሳያርቁ መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። የአባ ገሪማን ወንጌሎች የጠገኑት እንግሊዛውያን ጠራዦች ሥራቸውን የሠሩት እዚያው ገዳሙ ቅጥር ውስጥ ነው። በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተመራው የኢትዮ ስፔር ፕሮጀክትም (እ.ኤ.አ. 2009–2015) በትግራይ አድባራት መጻሕፍትን ሲያስመዘግብ የዑራ መስቀልን እጅግ የተጎዳና ቅጠሉ የተፈታ ጥንታዊ ስብስብ ጨምሮ የተወሰኑትን በባለሙያ አስጠግኗል።

አሁን ወደ አከራካሪው ነገር። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሮበርት ከርዘን እ.ኤ.አ. በ1837 ግብጽ ዋዲ ናትሩን የሚኖሩ የኢትዮጵያ መነኮሳትን ሲጎበኝ መጻሕፍታቸው በማኅደር ሆነው በጠፍር ከግድግዳ ኩላብ ላይ ተሰቅለው አገኛቸው። ያ አሰቃቀል ለመጽሐፍ ቦታ ቆጣቢ ብቻ አልነበረም፤ ከምስጥ፣ ከአይጥና ከመሬት እርጥበት የሚጠብቅ ጥበብ ነበር። ባለፉት አሥርት ዓመታት ሌባ ሲበዛ በብዙ ቦታ ብራናው ከኩላቡ ወርዶ ቁልፍ ወዳለው የብረት ሳጥን ገባ፤ ሳጥኑም ከባድ ስለሆነ ወለል ላይ ተቀመጠ። ከሌባ የሚያድነው ሳጥን ለውሃ ገንዳ ሆነ። አየር በማያስገባ ብረት ውስጥ የተቀመጠ ብራና ጎርፍ ባይመጣም ያልበዋል። ሌብነቱ እውነተኛ ስጋት መሆኑን ማንም አይክድም፤ ቢሆንም ቁልፉን ሳይጥሉ ሳጥኑን ከመሬት ማንሳት ይቻላል።

ይህ አገር የመጽሐፍ መጥፋትን ያውቀዋል። በጥር 1880 ድርቡሽ በዚሁ በመተማ በኩል ወጥቶ ጎንደርን ሲያቃጥል ከአድባራቱ ጋር የነደደውን መጽሐፍ ማንም መልሶ ሊያገኘው አይችልም። ውሃ ከእሳት የሚለየው ለጥቂት ሰዓታት የመምረጥ ዕድል መስጠቱ ነው። ዋናው ቢጠፋ ምስሉ እንዲተርፍ የማድረጉን ጥቅም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ አሳይቷል፤ አዲስ አበባ ላይ ተቀርጸው ቅጂያቸው ሚኒሶታ ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የተላኩት ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት ዛሬም ይጠናሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት እነሱን በመዘርዘር ነው። ዛሬ የዚያን ጊዜውን ካሜራ የሚተካ ስልክ በየዲያቆኑ ኪስ አለ።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥገናን ቅርስ ከሚጠብቀው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጋር ያያይዛል፤ መስፋት፣ መለጠፍና ማደስ ፈቃድና ባለሙያ ይጠብቁ። ከውሃ ማውጣትና በጥላ ማድረቅ ግን ጥገና አይደለም፤ የሚጠብቅ ሰው መጽሐፉን ያጣዋል። የምዕራብ ጎንደር ሀገረ ስብከትና የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ማኅበረ ሥላሴን ከመሰሉ ገዳማት እስከ ወንዝ ዳር አጥቢያዎች ድረስ ከሰኔ በፊት ሦስት ነገር ቢያደርጉ በጀት የሚያናጋ አይደለም፦ ሳጥኖቹን ከወለል ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ፣ በየዕቃ ቤቱ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ማኖር፣ እያንዳንዱን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ቅጂውን ከቆላው ውጭ ማስቀመጥ።