ከሦስተኛ ፎቅ የወረደው ገመድ

እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። መኪናዋ ግቢ በገባች ማግስት ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ብርቱካናማ የኤክስቴንሽን ገመድ ወረደ። የሁለተኛውን ፎቅ የልብስ ማስጫ ታክኮ፣ በአጥሩ ጥግ ዞሮ መኪናዋ ጋ ደረሰ። ልጆቹ እየዘለሉ ተጫወቱበት። ዝናብ ሲመጣ ሰውየው መሰኪያውን በፌስታል ጠቀለለው። በሦስተኛው ሳምንት የነዋሪዎች ኮሚቴ ተሰበሰበና «አደጋ አለው፣ ይነሣ» ብሎ ወሰነ።

ጎረቤታችን አልተቆጣም። «እሺ ይነሣ። ታዲያ የት ልሰካት?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ከተሰበሰበው ሰው መልስ ያለው አልተገኘም።

ኮሚቴው ልክ ነው፤ ዝናብ የነካው ገመድ ሰው ይገድላል። ሰውየውም ልክ ነው። እኔን የገረመኝ ጥያቄው ምን ያህል አሮጌ እንደሆነ ነው። «የት ልሰካት?» የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ተጠይቋል። ያኔ በቂ መልስ ስላላገኘ የኤሌክትሪክ መኪና ከመንገድ ጠፍቶ ነበር። ዛሬ የእኛ ሰው ዕቁቡን ሰብስቦም ተበድሮም ወደዚህ መኪና እየገባ ስለሆነ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅመዋል።

✦ ቀድሞ የነበረው

የቤንዚን መኪና አባት የሚባለው ካርል ቤንዝ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1881፣ ጉስታቭ ትሩቬ የተባለ ፈረንሳዊ በባትሪ የሚሄድ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ፓሪስ ላይ ነድቶ አሳይቷል። በ1897 ለንደንና ኒውዮርክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ታክሲዎች ሥራ ጀመሩ። በ1899 ቤልጅጋዊው ካሚል ዠናትዚ በመኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመንዳት የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ የነዳትም የባትሪ መኪና ነበረች። በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት አራት ሺህ ከሚበልጡ መኪኖች በቤንዚን የሚሄዱት አንድ ሺህ አይሞሉም ነበር። የቀሩት በእንፋሎትና በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ።

ሰዉ የወደዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያን ጊዜ የቤንዚን መኪና ለማስነሣት ፊት ለፊቱ ቆሞ በብረት እጀታ መጠምዘዝ ያስፈልግ ነበር፤ እጀታው ሲመልስ ክንድ ይሰብራል። ጭሱ፣ ጩኸቱና የማርሹ ትግል ሌላ ነው። የባትሪዋ መኪና ግን ወዲያው ትነሣለች፤ ድምፅ የላትም። የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ እንኳ የምትነዳው ባሏ የሚያመርተውን መኪና አልነበረም፤ «ዲትሮይት ኤሌክትሪክ» የተባለች የባትሪ መኪና ነበረቻት።

ታዲያ እንዴት ተሸነፈች? ብዙ ጊዜ ሦስት ምክንያት ይነገራል። በ1901 ቴክሳስ ውስጥ ስፒንድልቶፕ በተባለው ቦታ ነዳጅ ገንፍሎ ወጣና ቤንዚን ረከሰ። በ1908 ፎርድ ሞዴል ቲን አወጣ፤ ዋጋዋ በ850 ዶላር ጀምሮ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ወረደ። በ1912 ደግሞ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመና ያ ክንድ ሰባሪ እጀታ ቀረ። የባትሪ መኪናን ካሸነፏት ነገሮች አንዱ፣ ቤንዚን መኪና ውስጥ የገባ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ መሆኑ ነው።

ሦስቱም እውነት ናቸው። እኔ አራተኛ እጨምራለሁ፤ ሶኬት አልነበረም።

ቤንዚን በቆርቆሮ ተሞልቶ በሱቅም በመድኃኒት ቤትም ይሸጥ ነበር። ገጠር ያለ ገበሬ ሁለት ቆርቆሮ ገዝቶ ጎተራው ውስጥ ካስቀመጠ ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ግን የራሱ ግቢ፣ የራሱ መስመር፣ በዚያ ላይ ተለዋዋጩን የኤሌክትሪክ ፍሰት ባትሪ ወደሚቀበለው ቀጥተኛ ፍሰት የሚቀይር ውድ መሣሪያ ያስፈልገዋል። በ1920 ገደማ አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ቤት ሁለቱ መብራት አልገባላቸውም ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንኳ ገጠር ውስጥ መብራት የነበረው ከአሥር ቤት አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና የከተማ ሀብታም ዕቃ ሆና ቀረች። ሀብታሙ ደግሞ ራቅ ብሎ መጓዝ ሲያምረው እሱም ተዋት።

ከዚያ ዘመን አንድ ሙከራ ሊረሳ አይገባም። ከ1910ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1924 ድረስ ሃርትፎርድ በተባለች የአሜሪካ ከተማ የመብራት ኩባንያው ራሱ የባትሪ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ባለ ጭነት መኪናው መኪናዋን ያለ ባትሪ ይገዛል። ባትሪው የኩባንያው ነው፤ ሲያልቅ በተሞላ ይቀየርለታል፣ ሒሳቡን የሚከፍለውም በሄደበት ርቀት ልክ ነው። «የት ልሰካት?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ እውነተኛ መልስ ይህ ነበር። ችግሩ የአንድ ከተማ መልስ ሆኖ መቅረቱ ነው።

✦ ነዳጅና እኛ

ወደ አገራችን እንምጣ። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ነዳጃችን ከባሕር ማዶ እየመጣ እስከ ዛሬ አለን። ኤሌክትሪካችን ግን ከራሳችን ወንዝ ነው የመጣው። አባ ሳሙኤል በ1924 ዓ.ም፣ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው ቆቃ በ1952 ዓ.ም ሥራ ጀመሩ። ለዘመናት ሁለቱ ሳይገናኙ ኖሩ፤ ወንዙ አምፖል ያበራል፣ መኪናው የሰው አገር ዘይት ይጠጣል።

የዚህን ዋጋ በየካቲት 1966 ዓ.ም ከፍለናል። በመስከረም ወር መጨረሻ የተነሣው የአረብና የእስራኤል ጦርነት የዓለምን የነዳጅ ዋጋ አናረው። መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ። የካቲት 11 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አድማ መቱ። መንግሥት ደንግጦ ዋጋውን ቀነስ ቢያደርግም ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር። በየካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። አብዮቱን ያመጣው ቤንዚን ብቻ ነው አልልም፤ መሬቱም፣ ወሎ ላይ የደረሰው ረሃብም፣ የወታደሩ ብሶትም ነበር። ቤንዚን ክብሪቱ ነበር።

ከዚያም በደርግ ዘመን ነዳጅ በኩፖን ተከፋፈለ። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ የሚገባው ነዳጅ ሁሉ ተጣርቶ ያለቀ፣ በዶላር የሚከፈልበት ሆነ። በ2014 ዓ.ም የነዳጅ ድጎማ መነሣት ሲጀምር፣ በዚያው ዓመት መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይዝና ሱር ታክስ አነሣ፤ ያኔ ተገጣጥሞ በሚገባው ላይ የቀረው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታወቀ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ።

አቅጣጫውን እደግፋለሁ። ወንዝ ያለው፣ ነዳጅ የሌለው አገር ወንዙን ወደ ጎማ ቢያዞር ማን ይቃወመዋል? የማልደግፈው ግን መኪናው ከገባ ሥራው አለቀ የሚለውን አስተሳሰብ ነው። የአሜሪካው ታሪክ የሚነግረን መኪና ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

✦ የቤት ሒሳብ

ሒሳቡን በግርድፉ እንሥራው። መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የአዲስ አበባ ሰው በቀን ወደ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። ተራ የቤት ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል። እንግዲህ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የዕለቱን ይሞላል ማለት ነው። ቪላ ቤትና የራሱ ቆጣሪ ላለው ሰው ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። መጠንቀቅ ያለበት ለሽቦው ውፍረትና ለመሬት ገመዱ ብቻ ነው፤ አሮጌ ቤት ውስጥ የተቀበረ ቀጭን ሽቦ ለሰዓታት ሲጫን ይግላል። ሰው ሁሉ ምጣድ ከሚጥድበት ምሽት ይልቅ ከ4 ሰዓት በኋላ መሰካት ደግሞ ለመስመሩም ለጎረቤትም ይበጃል።

ሶላሩስ? የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች የመጀመሪያውን ጠቃሚ የፀሐይ ሴል እ.ኤ.አ. በ1954 ሲያሳዩ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 6 በመቶ ያህሉን ነበር። የዛሬው ፓኔል ከ20 በመቶ በላይ ይቀይራል። አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል በበጋ ቀን አዲስ አበባ ላይ ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል። ሦስት ፓኔል የመኪናዋን ቀለብ ይችላል ማለት ነው።

ነገር ግን ሁለት ጣጣ አለ። አንደኛ፣ ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት መኪናዋ ቤት የለችም፤ ባለቤቷ ሥራ ይዟት ሄዷል። የቀኑን ኃይል ለማታ ለማቆየት የቤት ባትሪ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከፓኔሎቹ በላይ ገንዘብ ይበላል። ሁለተኛ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ምርቱን ይቆርጠዋል። ደግነቱ ክረምት ግድቦቻችን የሚሞሉበት ወቅት ነው። በበጋ ፀሐይ፣ በክረምት ውኃ ቢተጋገዙ እንደኛ የሚያመች አገር ጥቂት ነው።

ከዚህ ሒሳብ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ለመኪና የሚሆን ሶላር ቦታው ከቪላው ጣሪያ ይልቅ መኪናዎች ቀኑን ሙሉ የሚቆሙበት የመሥሪያ ቤት፣ የዩኒቨርሲቲና የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ ነው። ፓኔሉ ጥላ ይሆናል፤ ጥላው ሥር ያለችው መኪና እኩለ ቀን ላይ ትሞላለች። የቤት ባትሪም አያስፈልግም።

✦ ማን ይሰካል?

አሁን ባለው አካሄድ ግን የሚጠቀመው ማን ነው? ግቢ፣ ቆጣሪና ጣሪያ ያለው ሰው ሌሊት በርካሽ ሰክቶ፣ መብራት ሲጠፋ ሶላሩን አብርቶ ያድራል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪው ገመድ ያወርዳል። ተከራዩ አከራዩን ይለምናል። የክፍለ ሀገር ሰው ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ባትሪው ትንሽ ይሞላለታል፤ ወደ ደጀን ሲወጣ ግን ከሞላለት በላይ ይበላበታል። ቀጥሎ የሚሰካበት ቦታ ከየት ያግኝ? ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝባችን ደግሞ ዛሬም አምፖል የሚያበራበት መስመር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሚቶ በምትባል መንደር የተተከለው ሶላር ሦስት መቶ ለሚሆኑ የገጠር ቤቶች ተብሎ ነበር። የሶላርን ነገር ስናወራ እነዚያን ቤቶች ረስተን የቪላውን ጣሪያ ብቻ ካየን አሜሪካ የሠራችውን ስህተት ደገምን ማለት ነው።

የታክሲው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በ1966 ሥራ ያቆመው ታክሲ ነጂ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ዛሬም ሚኒባሱን ይዞ ነዳጅ ማደያ በር ላይ ይሰለፋል። እሱ ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ሦስት ሰዓት ቆሞ መሙላት አይችልም። የሃርትፎርዱ መልስ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው፤ ባትሪው የሌላ አካል ይሁንና በሄደበት ልክ ይክፈል። መቶ ዓመት ያለፈው ሐሳብ ቢሆንም ለመርካቶና ለሜክሲኮ ተራ ገና አዲስ ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከል በአንድ መግለጫ ያልቃል። ሶኬት ግን በመግለጫ አይመጣም። በየኮንዶሚኒየሙ ፓርኪንግ ቆጣሪ ያለው መሰኪያ ይተከል፤ ተጠቃሚው በቆጠረበት ይክፈል። አዲስ ሕንፃ ሲፈቀድ ሊፍቱ እንደሚጠየቀው ሁሉ መሰኪያውም ይጠየቅ። የክፍለ ሀገር መንገዶች ላይ ፈጣን ቻርጀር ሳይተከል «መኪናው ሩቅ አይሄድም» ብሎ ሰውን መውቀስ ይቅር።

ጎረቤታችን ገመዱን ካነሣ በኋላ መላ ዘየደ። በሳምንት ሁለት ማታ መኪናዋን እህቱ ግቢ ወስዶ ይሰካታል። እሷ እዚያ ታድራለች፤ እሱ በሚኒባስ ታክሲ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ በናፍጣ ወደ ቤቱ ይገባል።

ለሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ፤ ለአራት መኪና የሚሆን፣ የራሱ ቆጣሪና ክዳን ያለው መሰኪያ፣ ወጪውን ተጠቃሚዎቹ የሚጋሩት። እስካሁን የፈረምነው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ እኔ ደግሞ መኪና የለኝም። እናንተ ግቢ ጥያቄው ተነሥቶ ከሆነ ምን እንደተወሰነ ጻፉልኝ፤ ለስብሰባው ይዤው እገባለሁ።