ፍሎሮዩራሲልና የጁባ መንገድ

ለጨጓራ ካንሰር የሚታዘዘው ፍሎሮዩራሲል በአጋጣሚ ሳይሆን ታስቦበት የተቀረጸ መድኃኒት ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የአይጥ ጉበት ዕጢ፣ አር.ኤን.ኤ. የሚሠራበትን ዩራሲል ከጤነኛ ጉበት አብልጦ እንደሚወስድ ታወቀ። አሜሪካዊው ቻርለስ ሃይደልበርገር ይህን ስስት መግቢያ በር አደረገው፤ በዩራሲል አምስተኛ ካርቦን ላይ ያለውን ሃይድሮጅን በፍሎሪን ተካ። ሁለቱ አቶሞች በመጠን ስለሚቀራረቡ ሴሉ ሳይጠረጥር ይቀበለዋል፤ ከዚያም ቲሚዲሌት ሲንቴዝ የተባለው ኢንዛይም ይታሰርና የዲ.ኤን.ኤ. ሥራ ይቆማል። ግኝቱ የታተመው በ1957 ነው። የአንዲት አቶም ለውጥ ይህን ያህል ማድረጓ እጅግ ያስደንቃል።

መድኃኒቱ ግን መቅኔንና የአንጀት ሽፋንንም ይጎዳል፤ የደም ምርመራና የሐኪም ክትትል ይሻል። ለደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ለጁባ የከበደው ይህ ክትትል ነው። ከተማዋ እስከ 2011 በሱዳን ሥር ስለነበረች የካንሰር ሕክምና የሚፈለገው ከሩቅ፣ ከካርቱም ነበር። በደቡብ በኩል ደግሞ በ1967 የተቋቋመው የኡጋንዳ ካንሰር ተቋም በካምፓላ አለ። ከደቡብ ሱዳን ነጻነት በኋላም ብዙ ሕሙማን ድንበር መሻገራቸው አልቀረም።

ኋላ የመጣው ካፔሲታቢን የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ፍሎሮዩራሲል ይለወጣል። በደም ሥር ለሰዓታት ከሚንጠባጠበው ይልቅ ለመንገደኛ ሕመምተኛ ይቀላል።