ሚያዝያ 27 በጅግጅጋ፤ የድል በዓል ታሪክና ትርጉም

አንድ መንግሥት ከብዙ ቀኖች አንዱን መርጦ በዓል ሲያደርገው፣ ሕዝቡ ከታሪኩ የትኛውን ክፍል እንዲያስታውስ እንደሚሻ ይገልጻል። ስለሆነም የታሪክ መምህር የበዓሉን ዕለት በሚያስተምርበት ጊዜ ዕለቱ የተመረጠበትን ምክንያት አብሮ ማስረዳት ይገባዋል።

ለዚህ የሜክሲኮ ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1862 በጄኔራል ኢግናሲዮ ሣራጎሣ የሚመራው የሜክሲኮ ጦር ፑዌብላ ከተማ ላይ የናፖሌዎን ሣልሳዊን ጦር ድል አደረገ። ይሁን እንጂ ፈረንሳዮች በተከታዩ ዓመት ተጠናክረው በመመለስ ፑዌብላንም ዋና ከተማይቱንም ያዙ፤ በ1864ም ማክሲሚልያንን አነገሡ። ሜክሲኮ ከዚህ አገዛዝ የተላቀቀችው በ1867 ነው። እንግዲህ በዚህ በዓል የሚታሰበው ጦርነቱ ያበቃበት ዕለት ሳይሆን፣ ሕዝቡ መመከት እንደሚችል ያየበት ዕለት ነው። ይህች አገር የኢጣልያን ወረራ ባለመቀበሏ በአዲስ አበባ አደባባይ በስሟ ተሰይሞላታል።

የእኛም የአርበኞች የድል በዓል፣ ሚያዝያ 27፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሜይ 5 ላይ ይውላል። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማይቱ የተመለሱት ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ነው። ከተማይቱ ከጠላት እጅ የወጣችው ግን ቀደም ብሎ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር። በደርግ ዘመን በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ኋላ ወደ ሚያዝያ 27 መመለሱ፣ የዕለት ምርጫ ራሱ የታሪክ ውሳኔ መሆኑን ያመለክታል።

ወደ ጅግጅጋ ስንመለስ ጉዳዩ ይበልጥ ይሰፋል። ከሞቃዲሾ ተነሥቶ የገሠገሠው በእንግሊዞች የሚመራው ጦር፣ በናይጄርያውያን ወታደሮች ግንባር ቀደምትነት ጅግጅጋን የያዘው መጋቢት 8 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 12 ቀን በማርዳ በር ተዋግቶ፣ መጋቢት 17 ቀን ሐረር ደረሰ። ስለዚህ በጅግጅጋ የኢጣልያ አገዛዝ ያከተመው ከሚያዝያ 27 ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ነው። ነገር ግን የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር በከተማይቱ እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ቆየ፤ ሐውድና የተከለለው አካባቢ ለኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሱትም በ1947 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በመጽሐፉ «ነጻነት በ1933 ተመለሰ» ብሎ ያነበበ የጅግጅጋ ተማሪና፣ ከዚያ በኋላ ስለነበረው የእንግሊዝ ሹም የሚተርክለት አያቱ፣ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ።

በዚያው ተራራ ላይ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ተገኝቷል። በዚያ ጦርነት ምክንያት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ተሰደደ። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በተደበደበች ጊዜ ደግሞ ስደቱ በተቃራኒው ሆኖ፣ ብዙ ሕዝብ ወደ ሐርትሼክ ጎረፈ። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ የድል አድራጊ ወታደር የልጅ ልጅና የስደተኛ የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። መምህሩ በዓሉን በጭብጨባ ብቻ ቢያሳልፈው ሁለተኛው ልጅ የወላጆቹን ታሪክ መደበቅን ይማራል፤ ጨርሶ ቢተወውም የመጀመሪያው ልጅ አያቱ የሞቱበትን ምክንያት ሳያውቅ ይቀራል።

ከዚህ በመነሣት ለበዓል ቀን ትምህርት ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ይህ ዕለት ለምን ተመረጠ? ሁለተኛ፣ በዚያን ጊዜ በእኛ ከተማ ምን ይደረግ ነበር? ሦስተኛ፣ ከድሉ በኋላ ሳይፈጸም የቀረው ምን ነበር? ተማሪዎች ሁለተኛውን ጥያቄ ለሽማግሌዎች በሶማልኛ አቅርበው መልሱን በጽሑፍ ቢያመጡ፣ መምህሩም ከመጽሐፉ ጋር ቢያስተያይላቸው፣ ትምህርቱ ከቃል ጥናት ያልፋል። የሥርዓተ ትምህርት ዐቃጆችም ለዚህ ሥራ የሚሆን ክፍለ ጊዜ ሊመድቡና፣ የየአካባቢውን ቀኖች የያዙ ጥቂት ተጨማሪ ገጾች በመማሪያ መጽሐፉ ላይ እንዲታከሉ ሊያደርጉ ይገባል።