ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ በብስክሌት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ አሶሳ ለመድረስ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። በአውቶቡስ የሄደበት ሰው የዴዴሳን ሸለቆ ሙቀትና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዳገት አይረሳም። እስቲ ይህን መንገድ በብስክሌት አስቡት። አሶሳ ከደረሳችሁም በኋላ ገና ሌላ 200 ኪሎ ሜትር ይቀራችኋል እንበል።

ይህን ያህል ርቀት የነዱ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ጥቂት መቶ ሰዎች ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሎስ አንጀለስ በሰባት ቀን በብስክሌት ተጓዙ። ብዙዎቹ ስፖርተኞች አልነበሩም። ያነሣሣቸው በኤድስ የሚሞቱባቸው ወዳጆቻቸው ነበሩ። የሰውን ዕድሜ የሚያራዝመው የተቀናጀ የመድኃኒት ሕክምና የመጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ነጂው ወደ ጎረቤቱና ወደ ሥራ ባልደረባው ሄዶ፣ «እኔ እነዳለሁ፤ አንተ ደግሞ ለሕሙማን ትሰጣለህ» ይላል። ጉዞው በኋላ ስሙን ቀይሮ እስከ 2025 ቀጠለ፤ ርቀቱም 877 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦበታል።

በእኛስ አገር? ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ከተወሰደ የደም ናሙና ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የለቅሶ ዓመታት ሆኑ። አባት ይሞታል፣ እናት ትከተላለች፣ ልጆቹ ከአያት ጋር ይቀራሉ። በብዙ ቦታ ቤተ ክርስቲያንም ሕመሙን እንደ ቅጣት ብቻ እየቆጠረች፣ ሊታቀፍ የሚገባውን ሰው ወደ ኋላ ወንበር የገፋችበት ጊዜ ነበር። ይህን ሳንናገር ታሪኩን ብንተርክ እውነተኞች አንሆንም።

የእኛ አገር ብስክሌት ግን ዕድር ነበር። ሙታንን ለመቅበር የተቋቋመው ዕድር፣ ቀብር ሲበዛበት ስለ ሕያዋን ማሰብ ጀመረ። በየከተማው ብዙ ዕድሮች ከመዋጯቸው ቀንሰው ለወላጅ አልባ ልጆች ደብተርና እህል ገዙ፣ የታመሙትንም በየቤታቸው ጠየቁ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10,000 ሰው ይዞ በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ሮጦ ለበጎ ሥራ ገንዘብ ማሰባሰብ በእኛም ዘንድ ተለመደ።

በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ብዙ ነገር ተለወጠ። እናት ካልታከመች ቫይረሱ ወደ ልጇ የመተላለፉ ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፤ በአግባቡ ከታከመች ግን ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ልጅ ተወለደ፣ እናትም ልታሳድገው በሕይወት ቆየች!

ታዲያ ሥራው አልቋል? አላለቀም። መድኃኒቱ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። በክልላችን በመተከልና በካማሺ በተነሣው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ተፈናቃይ ደግሞ ሲሸሽ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ላይዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያቆም፣ የሌላ ሰው ኪስ ብቻ ጠብቆ መኖር ምን ያህል አስጊ እንደሆነ አይተናል። መድኃኒቱ ቢገኝ እንኳ ጤና ጣቢያ ለመድረስ የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ባዶ ሆድም መድኃኒት መዋጥን ያከብዳል።

እዚህ ላይ እናንተ ትመጣላችሁ። ከአሶሳ እስከ ባምባሲ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሃያ ወጣቶች ቢነዱና ለእያንዳንዳቸው በኪሎ ሜትር 10 ብር የሚሰጥ አንድ ሰው ቢገኝ 9,000 ብር ይሆናል። ብስክሌት የሌለው በእግሩ ይሂድ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጆቹን ሰልፍ ላይ አታውጧቸው፤ ስማቸውን አትጥሩ፣ ፎቶአቸውንም አታንሡ። እርዳታው ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም በጤና ባለሙያዎች በኩል በዝምታ ይድረስ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ላይ ንጹሕ አምልኮ ምን እንደሆነ ሲናገር ወላጅ የሌላቸውን ልጆች መጠየቅን አስቀድሞ ያነሣል። በሚቀጥለው የኅብረታችሁ ስብሰባ ጥቅሱን አብራችሁ አንብቡት፤ ከዚያም ብስክሌት ያለው ማን እንደሆነ ተጠያየቁ።