ኬክ ይቆረሳል እንጂ አይቆረጥም

ሁለት ሳምንት ድምፄን ሳጠፋ አንዳንዶቻችሁ «ታክሲው ነው የተበላሸው ወይስ ሰውዬው?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ሁለቱም ደህና ናቸው። ኬክ ስጋግር ነው የከረምኩት። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ። ዛሬ የማወራችሁ ታሪክ ነው፤ ኬኩ ግን መግቢያም መውጫም ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ዙሪክ ያለው ጓደኛዬ አገባ። አምስት ኪሎ ሲቪል ምህንድስና አብረን ተምረናል፣ ይህን አገርም የረገጥነው በአንድ ሰሞን ነው። እዚህ አገር ጥገኝነት የጠየቀ ሰው የሚኖርበትን ካንቶን አይመርጥም፤ 26ቱ ካንቶኖች በኮታ ይከፋፈሉታል። እኔ ለጄኔቭ ደረስኩ፣ እሱ ለዙሪክ። በካርታ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን እኔ ሌሊት እየነዳሁ፣ እሱ ቀን እየሠራ፣ ባቡሩም ዋጋው እንደምታውቁት ሆኖ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ነበር የምንገናኘው።

ደውሎ «የሰርጌን ኬክ አንተ ነህ የምትሠራው» አለኝ።

«እኔ እኮ መሐንዲስ ነበርኩ፣ አሁን ደግሞ ሾፌር ነኝ።»

«ለሱ ነው የምልህ፤ እንዳይፈርስብኝ!»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ስልኩን ዘግቼ ሳስበው ግን ትዝ ያለኝ ሌላ መሐንዲስ ነው፤ ያውም የዙሪክ ሰው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።

አልፍሬድ ኢልግ በ1854 ፍራውንፌልድ በምትባል የስዊስ ከተማ ተወለደ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምህንድስና ተምሮ በ1879 ሸዋ ገባ። ምኒልክ ያኔ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። እንደሚነገረው ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ ወይም መንገድ ሳይሆን ጫማ ነው። «እኔ መሐንዲስ ነኝ እንጂ ጫማ ሰፊ አይደለሁም» ቢልም አልተለቀቀም። ሰፋ። ጫማው ስለተወደደለት ቀጥሎ ጠመንጃ ሥራ ተባለ ይባላል። እንዲህ የተፈተነው ሰው ነው ኋላ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ ያስገባው፣ በ1894 የባቡር ሐዲዱን ውል ከምኒልክ የተቀበለው፣ በ1897 የመንግሥት አማካሪ የተባለው። በ1895 ወደዚህ ተመልሶ ፋኒ ጋቲከር የምትባል የአገሩን ልጅ አግብቶ ይዟት ሄደ። በ1916 ዙሪክ ውስጥ ሞተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ አላየውም።

እንግዲህ የዙሪክ መሐንዲስ እኛ አገር ሄዶ ጫማ ከሰፋ፣ የአምስት ኪሎ መሐንዲስ ዙሪክ ኬክ ይዞ ቢሄድ ምን ያስገርማል? ልዩነቱ እሱ በጫማ ጀምሮ ባቡር ላይ መድረሱ፣ እኔ በግድብ ጀምሮ ታክሲ ላይ መድረሴ ነው። ይህን ለማማረር አይደለም የምጽፈው። ወረቀቴን አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ መልሶልኛል፣ አራተኛ አልሄድኩም፣ አለቀ።

እሺ ብዬ ሥራውን ስጀምር ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ለመሆኑ ይህ ኬክ የሚሉት ነገር ከሰርጋችን ውስጥ ምን ያደርጋል? አያቶቻችን ያለ ኬክ አልተጋቡም እንዴ?

በጥንታዊት ሮም የታላላቅ ቤተሰቦች ጋብቻ የሚጸናው ሙሽሮቹ በምስክሮች ፊት ከአንድ ዳቦ አብረው ሲካፈሉ ነበር። ዳቦው የሚጋገረው ፋር ከሚባል እህል ነው፤ የኛ ገበሬ አጃ የሚለው የስንዴ ዘመድ ማለት ነው። የሥርዓቱ ስም ራሱ ከዚያ እህል የወጣ ነው። አያችሁ፣ መነሻው ኬክ ሳይሆን ዳቦ ነው።

ዛሬ የምናውቀው ነጭና ባለ ደርብ ኬክ ከእንግሊዝ ነው የመጣው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ስታገባ የተሠራላት ኬክ ከ130 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ነጭነቱ የድንግልና ምልክት ነው ሲባል ትሰሙ ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ግን ከሁሉ በፊት የሀብት ምልክት ነበር። በደንብ የተጣራ ነጭ ስኳር ውድ ስለነበር ኬክህ በነጣ ቁጥር ኪስህ ይታያል። ደርቦቹም መጀመሪያ ማስመሰያ ነበሩ፤ ከታች ኬክ፣ ከላይ በስኳር የተሠራ ጌጥ። ላይኛው ደርብ ሳይቀር እውነተኛ ኬክ የሆነው ልጇ ልዑል ሊዮፖልድ በ1882 ሲያገባ ነው ይባላል።

ለምን ዘገየ? እዚህ ላይ መሐንዲሱን አስገቡኝ። ለስላሳ ነገር ላይ ከባድ ነገር ስታስቀምጥ የታችኛው ይሰምጣል። ስለዚህ ክብደቱን የሚሸከመው ኬኩ መሆን የለበትም። እያንዳንዱ ደርብ በራሱ ጠንካራ ካርቶን ላይ ይቀመጣል፣ በታችኛው ደርብ ውስጥ ደግሞ በልኩ የተቆረጡ የእንጨት ዘንጎች ይተከላሉ። ካርቶኑ ሶሌታ፣ ዘንጎቹ ኮለን ናቸው። ኬኩ ግድግዳ ነው፤ ያምራል እንጂ አይሸከምም።

ወደ እኛ አገርስ እንዴት ገባ? ቃላቱን ጠይቋቸው፣ ይነግሯችኋል። የሙሽራዋ ልብስ ቬሎ ከጣሊያንኛ ነው፣ ትርጉሙም የፊት መሸፈኛ ሻሽ ነው። ፎርኖ ጣሊያንኛ ነው። ቦምቦሊኖ ጣሊያንኛ ነው። ኬክ ግን የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ጣሊያን በ1936 በመርዝ ጋዝ ገብቶ በ1941 ተባረረ፤ ምድጃውና ክሬሙ ፒያሳ ቀሩ። ተማሪ ሆነን ኤንሪኮ ኬክ ቤት ከቀትር በፊት ያልደረሰ ሰው ባዶ ሳሕን አይቶ ይመለስ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ስኳሩንም ብትሉ፣ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የወንጂን ፋብሪካ ሥራ ያስጀመረው በ1954 ነው።

ጓደኛዬ የወንጂ ልጅ ነው። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ሲቃጠል አመዱ እንደ ጥቁር በረዶ በየጓሮው እንደሚወርድ፣ እናቱ የታጠበ ልብስ ለማስገባት እንዴት እንደሚሮጡ ሲያወራ አይሰለቸውም። የንግሥቲቱ ነጭ ኬክ ሌላ ጫፉ ላይ ያ ጥቁር አመድ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዕቃው የውጭ ነው፣ ቃሉ የውጭ ነው። ግን ሙሽሮቹ ቢላዋውን አብረው ሲይዙ ምን እንላለን? «ኬኩን ቆረሱ» እንላለን። ሥጋ ይቆረጣል፣ ጨርቅ ይቆረጣል። የሚቆረሰው ዳቦና እንጀራ ነው። ቁርስ የምንለው ከዚያ ነው፣ ቁራሽ የምንለውም ከዚያ ነው። ማንም ሳያዘን፣ ማንም ሳይሰበሰብ፣ ፈረንጁን ኬክ ወስደን ዳቦ አድርገነዋል።

ዳቦ ደግሞ በኛ ዘንድ ምግብ ብቻ አይደለም። ሙሽራዋ አማቶቿ ቤት ስትገባ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ስም ይወጣላታል፤ የዳቦ ስም ይባላል። አማቷ በዚያ ስም ይጠሯታል፣ የሠፈሩ ልጆችም ተከትለው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይጠፋም፤ አዲሱ ቤተሰብ ግን በራሱ አፍ የሚጠራት ሌላ ስም ይሰጣታል። እናቴ እስክትሞት ድረስ አክስቶቼ የሚጠሯት በዳቦ ስሟ ነበር። ትክክለኛ ስሟን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ስመዘገብ ነው።

ይህን ለምን እንዳነሳሁት ልንገራችሁ። እዚህ አገር ሰው የሚጋባው በወረቀት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ጋብቻ ሳይፈጸም የሃይማኖት ጋብቻ አይፈቀድም። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ መጋባት የሚፈልግ የውጭ ዜጋ በሕጋዊ መንገድ እንደሚኖር ማስረጃ ማቅረብ አለበት። የልደት ወረቀት አምጣ ይባላል፤ እኛ አገር ልደትና ጋብቻን በመላ አገሪቱ መመዝገብ የተጀመረው ገና በ2016 ነው። ጓደኛዬና እጮኛው በዚህ መካከል አራት ዓመት ጠበቁ። አንዱ ወረቀት ሲመጣ ሌላው ጊዜው ያልፍበታል። በመጨረሻ ሁሉም ተሟላ፣ የእናትየው ቪዛ ግን ተከለከለ። አንድ ልጃቸውን ሳይድሩት።

ታዲያ ኬኩን ልጀምር ስል የደወሉልኝ እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ያንን ክሬም የምትለውን እንደፈለግህ አድርገው። ዳቦ ከሌለ ግን በምን አፌ ነው ስም የማወጣላት?»

«እማማ፣ እኔ ድፎ ጋግሬ አላውቅም።»

«እኔ እነግርሃለሁ። አንተ ጆሮህን ስጠኝ።»

በዚያች ሰዓት ፕላኑ ተለወጠ። የታችኛው ደርብ ድፎ ዳቦ፣ ከላይ ሁለት ደርብ ኬክ። ደግሞም መሐንዲስ የሚወደው ነገር ነው፤ መሠረቱ ጠንካራ ሆነ።

ለሁለቱ ደርቦች የመረጥኩት ጄኖዋዝ የሚባለውን ነው። ስሙን ሰምቼ የጄኔቭ ኬክ መስሎኝ ኮርቼ ነበር፤ ስሙ ለካ የተወሰደው ጣሊያን ካለችው የጄኖዋ ወደብ ነው! እርሾ የለውም። እንቁላሉንና ስኳሩን ሞቅ አድርገህ እስኪነጣና እስኪወፍር ትመታለህ፣ ከዚያ ዱቄቱን ቀስ ብለህ ታዋህዳለህ። የሚነፋው አየሩ ነው። የመጀመሪያው እንደ ቂጣ ተኛብኝ፣ ምክንያቱም ቸኩዬ ዱቄቱን እንደ ሲሚንቶ አቦካሁት። ሦስተኛው ተነሳ።

ድፎውን እማማ በስልክ አስጋገሩኝ። ሊጡ ኩፍ እስኪል ሁለት ጊዜ ደወሉ። ጥቁር አዝሙዱን በእፍኝ ለኩ ሲሉኝ «የማን እፍኝ?» ብዬ ሳቁብኝ። ኮባ ስለሌለ ከእስያ ሱቅ የሙዝ ቅጠል ገዛሁ። «እሳቱ ከላይም ከታችም ይሁን» ሲሉ ምድጃዬን አየሁት፤ ላይና ታች ሁለት መስመር የተሳለበት ምልክት አለው። ስንት ዓመት ሙሉ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ኖሬያለሁ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ድፎውን ለብቻው፣ ሁለቱን ደርቦች ግን በሥራዬ ተመክቼ አንዱን ባንዱ ላይ አድርጌ ጫንኩ። በሎዛን፣ በኢቨርዶን አልፌ በርን ልደርስ ስል የመንገድ ሥራ ነበር፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ከኋላ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ላይኛው ደርብ ሁለት ጣት ያህል ተንሸራቶ ጎኑ ተፍቋል። ዘንግ የሚሸከመው ከላይ ወደ ታች የሚመጣውን ነው፤ ወደ ጎን የሚገፋውን አይችልም። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። መኪና ማቆሚያ ገብቼ ነጣጠልኳቸው፣ በያዝኩት ትርፍ ክሬም ለቀለቅሁት። የተፋቀው ጎን ወደ ግድግዳ እንዲዞር ተደረገ፤ በፎቶ ላይ አይታይም።

አዳራሹ ውስጥ ኬኩ ሲቆረስ ጭብጨባ ሆነ፣ ስልክ ሁሉ ተነሳ። ድፎው ጋ ሲደረስ ግን ጸጥ አለ። ሚዜው ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘ፤ እማማ ወንጂ ቤታቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል፣ ጎረቤቶቻቸው ከኋላ ቆመዋል። ሙሽራዋ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ልጃቸው ዳቦውን ቆረሰ።

«ልጄ ብዙ ተንከራቷል» አሉ እማማ። «ስምሽ ማረፊያ ይሁን።»

እልልታው ከወንጂ ትንሽ ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ መስመሩ እንደምታውቁት ነው። እኛም እስኪደርስ ጠበቅነው። ጓደኛዬ ፊቱን ወደኔ አዞረ። ምንም አላለኝም፤ ከቁራሹ አንድ ጉርሻ በአፌ አደረገ። ትንሽ ጨው በዝቶበታል።

በማግሥቱ ማታ ጄኔቭ ተመልሼ ሥራ ገባሁ። አንድ ፈረንጅ ደንበኛ መኪናው ምን ምን እንደሚሸት ጠየቀኝ፤ ጥቁር አዝሙድ ነው አልኩት።

አሁን ተራው የናንተ ነው። የእናታችሁ ወይም የአያታችሁ የዳቦ ስም ማን ነበር? የምታውቁ ከታች ጻፉልኝ። የማታውቁ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውሉና ጠይቁ፤ የሚመልስላችሁ ሰው እያለ።

ቸር እንሰንብት።